አጭር ትእዛዝና ረጅም አሳብ

ማዘዝ ቀላል ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ሰው የሚፈልገውን ነገር በልቡ ማወቁና ያንኑ ለሌላው በሚገባ ቃል ማስረዳቱ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ጊዜ አዛዡ «እንደ ሁልጊዜው አድርገው» ብሎ ያልፋል፤ ታዛዡም የአዛዡን ጠባይና ልማድ ስለሚያውቅ የጐደለውን ቃል ከራሱ እየሞላ ሥራውን ይፈጽማል። እንዲህ እያለ ዓመታት ሲያልፉ፥ አዛዡ አሳቡን አንድ ቀን እንኳ አሟልቶ ተናግሮት እንደማያውቅ አያስተውለውም። የሚያስተውለው ልማዱን የማያውቅ፥ ፊቱንም አይቶ የማይረዳለት እንግዳ ታዛዥ በመጣ ጊዜ ነው። በዘመናችን እንዲህ ያለው እንግዳ በኮምፒዩተር ውስጥ ተገኝቷል፤ የሚታዘዝበትም ምልክት ከአንዲት ጭረት የማይበልጥ ነው።

ይህች ጭረት እዝባር (/) የምትባለው ናት። በኮምፒዩተር ታሪክ ውስጥ የትእዛዝ ምልክት ሆና ከቈየች ዘመኗ ረዝሟል። በ1979 ዓ. ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጻፉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ቪዚካልክ» የተባለውን የሒሳብ ሠንጠረዥ ፕሮግራም ባወጡ ጊዜ፥ ተጠቃሚው እዝባርን ሲነካ ፕሮግራሙ የትእዛዝ ፊደላትን ዘርዝሮ ያሳየው ነበር። በ1983 የወጣው «ሎተስ 1-2-3» ይህንኑ ልማድ ወረሰ፤ ነገር ግን በነጠላ ፊደላት ፈንታ ሙሉ ቃላትን ደረደረ። በ1988 ደግሞ በፊንላንድ አገር በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ያርኮ ኦይካሪነን የተባለው ሰው «አይ አር ሲ» የተባለውን በኮምፒዩተር የመነጋገሪያ ስልት ሠራ። በዚያም ሰዎች እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉትና ለኮምፒዩተሩ የሚሰጡት ትእዛዝ በአንድ መስመር ላይ የሚጻፍ ስለ ሆነ፥ ጨዋታውን ከትእዛዙ የሚለይ ምልክት አስፈለገ። በእዝባር የጀመረው ትእዛዝ፥ ያለ እዝባር የጀመረው ጨዋታ ሆነ። ማንም ሰው ተራ ንግግሩን በእዝባር ስለማይጀምር ምልክቱ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነበር።

በእነዚህ ሁሉ ትእዛዙ እንደ ቁልፍ ነበር። አንድ ቁልፍ አንድ በር እንደሚከፍት፥ አንድ ቃል ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ሥራ ይሠራ ነበር፤ የተጠቃሚውም ድርሻ ቃሉን ማወቅና በስፍራው መጻፍ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በፕሮግራም ጽሕፈት ሥራ መርዳት ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። አንትሮፒክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2025 በፌብሩዋሪ ወር «ክላውድ ኮድ» የተባለውን ረዳት ለሙከራ አወጣ፤ በዚያው ዓመት በሜይ ወር ደግሞ ለሰው ሁሉ አቀረበው። ይህ ረዳት በተራ ቋንቋ የተጻፈለትን ትእዛዝ ተቀብሎ ፋይሎችን ያነባል፤ ኮድ ይጽፋል፤ የተጻፈውን ይፈትናል፤ ያገኘውንም ስሕተት ለማረም ይሞክራል።

ተጠቃሚው በየቀኑ የሚደጋግመው ትእዛዝ ያለው እንደ ሆነ በየጊዜው እንደ ገና መጻፍ አያስፈልገውም። ማርክዳውን በሚባለው ቀላል የአጻጻፍ ሥርዓት ትእዛዙን በአንድ ፋይል ይጽፈዋል፤ ፋይሉንም «ኮማንድስ» በሚባለው ማኅደር ያኖረዋል። ከዚያ በኋላ የፋይሉ ስም ራሱ ትእዛዝ ይሆናል። የፋይሉ ስም «መርምር» ማለት ቢሆን፥ እዝባርንና ይህን አንድ ቃል መጻፍ ይበቃል፤ ረዳቱም በፋይሉ ውስጥ ያለውን ረጅም ንግግር ሁሉ አሁን እንደ ተነገረው አድርጎ ይቀበላል። በየጊዜው የሚለዋወጥ ነገር ያለ እንደ ሆነ ደግሞ ስፍራ ይተውለታል፤ የዶላር ምልክትና «አርጊዩመንትስ» የሚለው ቃል በተጻፈበት ቦታ ተጠቃሚው ከትእዛዙ ስም ቀጥሎ የጻፈው ይገባበታል። ስለዚህ «መርምር ደመወዝ» ያለ ሰው የደመወዙን ክፍል፥ «መርምር ፈቃድ» ያለ ሰው የዕረፍት ፈቃዱን ክፍል ያስመረምራል። በፋይሉ ራስጌ ላይ የትእዛዙን ሥራ በአንድ መስመር ማስታወቅ፥ ረዳቱም ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች መወሰን ይቻላል። በተጠቃሚው በገዛ ማኅደሩ የተቀመጠው ትእዛዝ የእርሱ የብቻው ነው፤ ከሥራው ጋር አብሮ የተቀመጠው ግን ባልደረቦቹ ሁሉ የሚያዩትና የሚጠሩት ነው። ኋላም ይህ ሥርዓት «ስኪልስ» ከሚባለው ሰፊ ሥርዓት ጋር ተዋሕዷል፤ ቀድሞ በዚህ መንገድ የተጻፉት ፋይሎች ግን አገልግሎታቸው አልቀረም።

በዋሽንግተን ከተማ አቅራቢያ፥ የሠራተኞችን ደመወዝ የሚያሰላ ፕሮግራም በሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ፥ ከ20 ዓመት በላይ በዚህ ሙያ የኖረ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ። ከእርሱም ጋር ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ወጣት ሦስት ዓመት ሠርቷል። የወጣቱን ሥራ የሚመረምረው ያ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌው ሙያው የጠለቀ፥ ንግግሩ ግን ያጠረ ሰው ነበር። የቀረበለትን ኮድ ተመልክቶ ደስ ካላለው «ይህ አይሆንም፤ እንደ ገና ተመልከተው» ይል ነበር፤ ከዚህ የበለጠ አይናገርም። ወጣቱም አንዱን ይለውጣል፥ ሌላውን ያፈርሳል፤ ከብዙ ድካም በኋላ «አሁን ሆነ» ይባላል። የሆነበትን ምክንያት ግን አያውቀውም።

ድርጅቱ ክላውድ ኮድን መጠቀም በጀመረ ጊዜ ሽማግሌው የመጀመሪያ ትእዛዙን ጻፈ። ፋይሉ አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «ይህን ኮድ ተመልከትና ጥሩ መሆኑን ንገረኝ» ይላል። ረዳቱም ተመለከተና መለሰ። ሥራው በጠቅላላው መልካም መሆኑን፥ ስሞቹ ይበልጥ ግልጥ ቢሆኑ እንደሚሻል፥ ማብራሪያም ቢጨመር እንደማይከፋ ተናገረ። ይህ ለማንኛውም ኮድ ሊባል የሚችል ነገር ነው። ሽማግሌው «ይህ ምንም አያውቅም!» ብሎ ተቈጣ። ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ያንኑ መልስ ሲያገኝ ግን ቍጣውን ትቶ ያሰላስል ጀመር። «ጥሩ» ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ ለረዳቱ አልነገረውም። ይህን ሲያስብ ደግሞ፥ ለራሱም ቢሆን ዘርዝሮት እንደማያውቅ ተረዳ።

በዚያን ምሽት ከሥራ በኋላ ተቀምጦ በሌሎች ሰዎች ኮድ ውስጥ ዐይኑ አስቀድሞ የሚፈልገውን መጻፍ ጀመረ። የመጀመሪያው የገንዘብ ነገር ነበር። ኮምፒዩተር ቍጥርን የሚጽፈው በ0ና በ1 ስለ ሆነ፥ በተለመደው የክፍልፋይ አጻጻፉ እንደ 0.1 ያለውን ቍጥር በትክክል ሊይዘው አይችልም፤ በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች 0.1ና 0.2 ሲደመሩ 0.3 በመሆን ፈንታ 0.30000000000000004 ይሆናሉ። ይህ ትርፍ ብቻውን ሲታይ ከምንም አይቈጠርም፤ በብዙ ደመወዝ ላይ ሲደጋገምና ሲጠጋጋ ግን ከአንዱ ሳንቲም ሊያጐድል፥ ለሌላው ሊያተርፍ ይችላል፤ የሒሳብ ሠራተኛውም የጐደለችውን ሳንቲም ሲፈልግ ያመሻል። ስለዚህ ሽማግሌው «ገንዘብ ሁሉ በሳንቲም ተቈጥሮ በሙሉ ቍጥር ይቀመጥ፤ በክፍልፋይ የተቀመጠ ባገኘህ ጊዜ አሳየኝ» ብሎ ጻፈ።

ሁለተኛው፥ ፕሮግራሙ ስሕተት ሲያገኝ ዝም ብሎ እንዳያልፈው ነው፤ ተሰውሮ የቀረ ስሕተት ከሚታየው ይከፋልና። ሦስተኛው፥ የይለፍ ቃል በኮድ ውስጥ ተጽፎ እንዳይገኝ ነው። አራተኛው፥ የታረመ ስሕተት ሁሉ ተመልሶ ሲመጣ የሚያስታውቅ መፈተኛ እንዲጻፍለት ነው። አምስተኛውን የጻፈው ረዳቱን ከተመለከተ በኋላ ነው። ረዳቱ አንዱን አርም ሲሉት ሌላውንም ሊያሳምር የሚወድ ሆኖ አገኘው፤ አገራችንም «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች» ይላል። ስለዚህ «ተመልክተህ ንገረኝ እንጂ ምንም አትለውጥ» የሚል ተጨመረ። በመጨረሻም «የሚነቀፍ ነገር ያጣህ እንደ ሆነ አላገኘሁም በል፤ ነቀፋ ፈልገህ አትፍጠር» ብሎ ደመደመ። አንድ መስመር የነበረው ፋይል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 40 መስመር ሞላ። የረዳቱም መልስ ተለወጠ፤ በተጻፈለት መንገድ እየተመለከተ፥ ሽማግሌው ራሱ ያመለጡትን አንዳንድ ነገሮች ያሳየው ጀመር።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ የአንድ መሣሪያ ጥቅም ተነገረ ማለት ነበር። ነገር ግን ፋይሉ ከሥራው ጋር አብሮ ተቀምጦ ነበርና ወጣቱ አገኘው። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው «ጊት» የተባለው የሥራ መዝገብ ማን ምን እንደ ጻፈና መቼ እንደ ጻፈው ስለሚያሳይ፥ የትእዛዙን ዕድገት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ተከታትሎ አነበበ። በማግሥቱም ወደ ሽማግሌው ቀረበና፦

«ጋሼ፥ ስለ ገንዘብ የጻፉትን ትናንት አነበብሁት። ባለፈው ዓመት ሥራዬን ሁለት ጊዜ የመለሱብኝ በዚህ ምክንያት ኖሯል?» ብሎ ጠየቀው።

«አዎን፥ በዚህ ነበር» አለው።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልነገሩኝም?»

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብሎ ቈየና፦ «የምታውቀው መስሎኝ ነበር፤ እርሱ ግን እንደማያውቅ ስላወቅሁ ጻፍሁለት» አለ።

አንባቢ ይህን መልስ ያስተውለው። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደለም፤ ዕውቀቱንም የነፈገው በቅናት አይደለም። ዕውቀት ከሰው ጋር ብዙ ዘመን የኖረ እንደ ሆነ፥ እንደ ቤት ዕቃ ተለምዶ ለባለቤቱ አይታየውም፤ ለሌላውም ሁሉ ያለው ይመስለዋል። ሰው የሆነው ታዛዥ ደግሞ ያልገባውን እንደ ገባው አድርጎ ዝም ይላል፤ ታላቁን መላልሶ መጠየቅ ያፍራልና። እንግዲህ አንደኛው የሚያውቅ መስሎት፥ ሁለተኛው መጠየቅ አፍሮ፥ በሁለቱ መካከል ሦስት ዓመት አለፈ። ረዳቱ ግን ፊት አይቶ የሚረዳ አይደለምና ሽማግሌውን እንዲናገር ግድ አለው። በዚህ ምክንያት ለተማሪው ያልተነገረው ትምህርት አስቀድሞ ለመኪናው ተነገረ። ከመኪናውም ዞሮ ወደ ተማሪው ሊደርስ የቻለው ትእዛዙ በተራ ሰው ቋንቋ የተጻፈ ስለ ነበረ ነው።

ይሁን እንጂ ያው የትእዛዙ ማጠር የራሱ አደጋ አለበት። በዚያው ማኅደር ውስጥ፥ ከጥቂት ወራት በፊት ወደ ሌላ ሥራ የሄደ ባልደረባ የጻፈው «ጨርስ» የተባለ ትእዛዝ ነበር። አንድ ዓርብ ማታ ወጣቱ ትርፍራፊ ፋይሎችን ማጥፋት ፈልጎ እዝባርን ሲነካ ይህን ስም ከሌሎቹ መካከል አየው። ሥራ የሚያጠናቅቅ፥ ቤት የሚጠርግ ትእዛዝ መስሎት ሊጠራው ሲል፥ አጠገቡ የተቀመጠው ሽማግሌ «ፋይሉን አንብበኸዋል?» አለው። «ስሙን አየሁ እንጂ አላነበብሁትም» ብሎ መለሰ። ከፍተው አነበቡት። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በእውነት ትርፍራፊውን የሚያጠፉ ነበሩ። የመጨረሻው መስመር ግን አዲሱን ፕሮግራም የደንበኞች ደመወዝ ወደሚሰላበት ኮምፒዩተር ላክ ይላል፤ በራስጌውም ረዳቱ ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ እንዲያደርግ ተፈቅዶለታል። በዚያን ቀን የተጀመረው ሥራ ገና ያላለቀ ነበር፤ ደመወዝ የሚሰላውም ሰኞ ነበር።

ትእዛዙ ቢጠራ ኖሮ ጥፋቱ የማን ይባል ነበር? የጻፈው ሰው ሄዷል፤ ሲጽፈውም ለራሱ ሥራ የሚስማማ ነበር። ረዳቱ የተጻፈለትን ከመፈጸም በቀር ያደረገው የለም። ወጣቱ አንድ ቃል ጠራ እንጂ «ላክ» አላለም። ሦስቱም እያንዳንዳቸው ማመካኛ አላቸው፤ ደመወዙ የሚጐድልበት ሠራተኛ ግን የቤት ኪራዩን በማመካኛ ሊከፍል አይችልም። ስለዚህ የሌላውን ሰው ትእዛዝ የሚጠራ ሰው ቃሉን የራሱ አደረገው ማለት ነውና ሳያነብ ሊጠራው አይገባውም። ስም የነገር መጠቅለያ ነው፤ ጥቅሉን ያልፈታ ሰው በውስጡ ያለውን ሊያውቅ አይችልም።

በዚያው ማታ ሁለቱ ትእዛዙን አረሙት። ስሙ ሥራውን እንዲገልጥ «ለደንበኞች ላክ» ተባለ። ሳይጠይቅ እንዲሠራ የሚፈቅደው መስመር ተሰረዘ። ረዳቱ ለሥራው የሚያስፈልግ መስሎ የታየውን ትእዛዝ በራሱ አሳብ ሊጠራ የሚችልበት መንገድ ስላለ፥ ይህን ትእዛዝ ከሰው በቀር ማንም እንዳይጠራው የሚከለክል መስመር በራስጌው ተጻፈ። «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» የሚባለው ዓይነት ሎሌ በሌላ ስፍራ ትጉህ ቢባል፥ የሰው ገንዘብ ባለበት ስፍራ ግን አያስፈልግም።

ከዚህም በኋላ ሁለቱ አንድ ልማድ አበጁ። በየሳምንቱ ሐሙስ ከማኅደሩ አንዱን ትእዛዝ አውጥተው ድምፅ እያሰሙ ያነባሉ፤ በእያንዳንዱም መስመር ላይ ወጣቱ «ይህ ለምን ተጻፈ?» ይላል። ሽማግሌው ምክንያቱን ሲናገር ወጣቱ ከመስመሩ ቀጥሎ ይጽፈዋል። ምክንያቱ ያልታወቀ መስመር የተገኘ እንደ ሆነ፥ ወይ ምክንያቱ ይፈለግለታል፥ ወይ ይሰረዛል። ይህ ልማድ ለረዳቱም ጠቀመው። የቀድሞው ትእዛዝ እንደ ቁልፍ ነበር፤ የዛሬው ግን ሩቅ አገር ላለ እንደራሴ እንደሚላክ ደብዳቤ ነው። እንደራሴው ደብዳቤውን አንብቦ እንደ መሰለው ይተረጕመዋል፤ ያንኑ ቃል በሁለት ቀን ሁለት መንገድ ሊፈጽመው ይችላል። «ገንዘብን በሙሉ ቍጥር አስቀምጥ» ብቻ የተባለ ረዳት ቃሉን ይጠብቃል፤ «ሳንቲም ከሠራተኛው ደመወዝ እንዳይጐድል» የሚል ምክንያት የተጨመረለት ረዳት ግን በትእዛዙ ውስጥ ያልተጠቀሰ ነገር ሲገጥመው፥ ለምሳሌ ግብር በመቶኛ ሲሰላ፥ አዛዡ ሊፈልግ የሚችለውን ለመገመት መሠረት ያገኛል።

ይህን የመሰለ መሣሪያ በእጁ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው የሚተርፍለትን ጊዜ ነው፤ አርባ መስመር በአንድ ቃል መጥራት በእርግጥ ጊዜ ያተርፋል። ነገር ግን ሽማግሌው ያተረፈው የሚበልጠው ነገር አርባውን መስመር ለመጻፍ በተቀመጠባቸው ምሽቶች የተገኘ ነው። ወጣቱም ያተረፈው ትእዛዙን በመጥራት ሳይሆን ከፍቶ በማንበብና «ለምን?» ብሎ በመጠየቅ ነው። አሁን ወጣቱ በተራው የአዲስ ሠራተኛ ሥራ ይመረምራል። ሥራውን መልሶ የሰጠው እንደ ሆነ «ይህ አይሆንም» ብሎ አይተወውም፤ አጠገቡ ተቀምጦ የማይሆንበትን ምክንያት ይነግረዋል፤ ከዚያም በኋላ ምክንያቱ ገና ያልተጻፈ እንደ ሆነ፥ አዲሱ ሠራተኛ ራሱ በትእዛዙ ፋይል ውስጥ እንዲጽፈው ያደርገዋል።